አንድ ክንድ ፊደል

አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ፊደሏ አነሰ ተብላ ከሱዳኗ ገዳሪፍ እንዳትነሣ ተከለከለች። ሞተሯ ደህና ነበር። ክንፏም ጭራዋም ደህና ነበሩ። ያነሰው ላይዋ ላይ የተጻፈው ፊደል ነው።

ደንቡ እንዲህ ነው አሉን። በአገሯ ሰማይ ብቻ የምትበር ትንሽ አውሮፕላን መታወቂያ ፊደሏ ትንሽ ቢሆንም አይከፋም፤ ሁሉም ያውቃታል። ድንበር የምትሻገር ከሆነች ግን ከሩቅ የሚነበብ ትልልቅ ፊደል ይጻፍባት፤ ከጎኗ ሠላሳ ሳንቲም፣ ከክንፏ ሥር ግማሽ ሜትር። ታች ያለ ወታደር ቀና ብሎ የማን እንደሆነች እንዲያነብ ነው።

ይህን ስሰማ ገና ጢሜ በቅጡ ያልበቀለ ጎረምሳ ነበርኩ። ደነገጥኩ። ድንጋጤው እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። ምኑ ያስደነግጣል ትሉኝ ይሆናል። እኔ ያንን ድንበር የተሻገርኩት በእግሬ ነው። ያሻገረን ሰው የሰጠን ምክር አንድ ብቻ ነበር፤ አትታዩ። ነጭ ልብስ የለበሰ ያውልቅ፣ ሳል የያዘው አፉን በሻሽ ይሰር፣ በስሙ የሚጠራው ቢኖር አቤት እንዳይል። ለሰው መሻገሪያው አለመነበብ ሆኖ ሳለ ለአውሮፕላን መሻገሪያው መነበብ ነው ሲሉኝ ጊዜ፣ ወይ እኔ ወይ እሷ ተሳስተናል ብዬ አሰብኩ። ማናችን እንደተሳሳትን ዛሬም አላውቅም።

ባደግኩበት ቀበሌ ስሙ የሚጻፍ ሰው ወይ የሞተ ነው ወይ የተከሰሰ። በሕይወት ያለና ከሰው ያልተጣላ ሰው ለምን ብሎ ይጻፋል? የእገሌ ልጅ ከተባለ በቂ ነው፤ ውሻው ሳይቀር ያውቀዋል። ሰው በአገሩ ሳለ ፊደሉ ትንሽ ነው። ወንዝ ሲሻገር ነው ፊደሉ ማደግ የሚጀምረው። ከመተማ ማዶ ያለችው ገላባት ላይ ስምህን ከነአባትህ ይጠይቁሃል። ገዳሪፍ ስትደርስ ከነአያትህ ይሉሃል፤ የአያትህ አባት ማን ነበር የሚልም አይታጣም። ዛሬ ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ብትሄዱ ከትግራይ የመጡት ሰዎች ስማቸውን በፕላስቲክ በተለበጠ ካርድ ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው ዱቄት ሲሰለፉ ታያላችሁ። አገራቸው ሳሉ ያንን ስም ለመጥራት ከእናታቸው በቀር የሚቸኩል አልነበረም።

እንግዲህ አውሮፕላንም እንደ ሰው ናት ማለት ነው። ከአገሯ ስትወጣ ትጻፋለች።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሰሊጥ አጫጅ ነበርኩ። ከገዳሪፍ ወደ ድንበሩ በሚወስደው መንገድ ካሉት ትልልቅ እርሻዎች ባንዱ፣ ካምቦ በሚሉት የሠራተኛ ሰፈር፣ በሣር ዳስ ሥር እናድር ነበር። እርሻውን ስሙን አልጠራም፤ እኔን ሲያስታውሰኝ አላየሁትም፣ እኔም አላስታውሰውም። ከካምቦው አጠገብ አንድ ጠፍጣፋ የአፈር ሜዳ አለ። አረቦቹ የጠያራ ሜዳ ይሉታል። መድኃኒት የምትረጭ አሮጌ አውሮፕላን የምትነሣበትና የምታርፍበት ነው። ሰሊጡ ባለቀ ቀን የመድኃኒት በርሜል እያንከባለልን ወደ እሷ እናደርስ ነበር። አብራሪዋ ካፒቴን ሐሰን ይባላል፤ የመነመነ፣ ሳቂታ፣ ዕድሜውን በሙሉ ጥጥና ማሽላ ላይ ሲረጭ የኖረ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነው። አውሮፕላኗን "አሮጊቷ" ነበር የሚላት። ሲያዋራት ሰምቼዋለሁ።

አሮጊቷ አገሯን ለቃ አታውቅም። ስለዚህ ፊደሏ የሲጋራ ፓኮ በምታህል ቦታ ጭራዋ ላይ ተጽፎ ነበር። ያንን ዓመት ግን ግሪሳ መጣ።

ግሪሳን የማያውቅ ካለ ልንገረው። ከድንቢጥ የማትበልጥ ወፍ ናት። አንዷን ብታዩ ታሳዝናችኋለች። ደመና ሆና ስትመጣ የምታሳዝኑት እናንተ ናችሁ። ያን ጊዜ ከሱዳን በኩል ተነሥታ በመተማና በቋራ ቆላ ማሽላ ላይ ወረደች። ግሪሳ ፊደል የላትም፤ የማን ነሽ የሚላትም የለም። የዚያ ማዶ ባለእርሻዎች የዚህን ማዶ ባለእርሻዎች ለመኑ፣ የበላይ የበላይን አነጋገረ፣ በመጨረሻ ካፒቴን ሐሰን ጎንደር አርፎ ከዚያ እየተነሣ እንዲረጭ ተፈቀደ። ይህን ፈቃድ ይዞ ሲመጣ ነው የገዳሪፉ ተቆጣጣሪ ፊደሏን አይቶ ራሱን የነቀነቀው።

ተቆጣጣሪውን ሁሉም ሙዲር ይለው ነበር፣ ኃላፊ ማለት ነው። ክፉ ሰው አይደለም። የተተኮሰ ልብስ ለብሶ፣ በዚያ ሁሉ አቧራ ውስጥ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ኪሱ ውስጥ ጥቅል ሜትር ይዞ የሚዞር ሰው ነው። ደንቡን እኔ አላወጣሁትም አለ። ነገ ከቀትር በፊት መጥቼ እለካለሁ፣ ልክ ከሆነ ትነሣለች፣ ካልሆነ ፈቃዱ ይሰረዛል፣ ሌላ አውሮፕላን ከሌላ ቦታ ይጠራል ብሎ ሄደ። የከተማው ማስታወቂያ ጸሐፊ ለወንድሙ ሠርግ ኒው ሀልፋ ወርዷል። ካፒቴኑ ጨነቀው። ወደ ካምቦው መጥቶ ከመካከላችሁ መጻፍ የሚችል አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።

ካምቦ ውስጥ መጻፍ እችላለሁ የሚል ሰው ነገ ሌላ ነገር ይጠየቃል። የመለሰችው እትዬ ጥሩዬ ናት፤ ከእኛ ጋር ከጎንደር ቆላ ወርዳ ለአጫጆቹ ምግብ የምታበስል፣ ባሏን የቀበረች፣ ማንንም የማትፈራ ሴት። ማማሰያዋን ወደ ዳሱ ጥግ ቀስራ፣ ያ የተኛው ይጽፋል አለችው።

የተኛው አያ አስማማው ነው። የአክስቴ ልጅ ነው፣ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አያ እለዋለሁ። እሱ ቁመቴን አይቶ ቀውላላው ይለኛል። ሰሊጥ አጫጅ ከመሆኑ በፊት መተማ ላይ የመኪና ጸሐፊ ነበር። የጭነት መኪና ታርጋው ከኋላው ካለው ሌላ በሩና ጎኑ ላይ በትልቁ መጻፍ አለበት አይደል? ያንን የሚጽፍ እሱ ነው። ድንበር የሚሻገር መኪና ሁሉ በእንግሊዝኛ ፊደል ኢ-ቲ፣ ኢትዮጵያ ማለት ነው፣ ከዚያ ቁጥሩ። አያ አስማማው በእንቅልፉም ኢ-ቲ የሚጽፍ ሰው ነበር። ሲነጋ ኢ-ቲ፣ ሲመሽ ኢ-ቲ። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ መኪናው ቆመ፣ ብሩሹን አጥቦ ማጭድ ያዘ።

ማጭዱን ብዙ አልያዘውም። ካላዛር ያዘው። ይህን በሽታ የቆላ ሰው ያውቀዋል። ከአሸዋ የማትበልጥ ዝንብ ናት የምታመጣው። ጣፊያ ያብጣል፣ ሥጋ ያልቃል፣ ትኩሳቱ ማታ እየመጣ ጠዋት እየሄደ ሰውን እንደ ሻማ ያቀልጠዋል። በአካባቢው ወዳለ ክሊኒክ ተሸክሜው ሄድኩ። መርፌው አልቋል፣ ይመጣል አሉን። መቼ ስንል እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ጎንደር መርፌው አለ ይባላል። ጎንደር ደግሞ በተዘጋው መንገድ ማዶ ነው። በእግር በጫካ የሚያሻግሩ ሰዎች መጥተው አይተውት፣ ይሄ እስከ ወንዙም አይደርስ ብለው ሄዱ። እሱ ባለበት ነው ያሉት።

ካፒቴኑ ዳሱ በር ላይ ቁጢጥ አለ። ፊደሉ ስንት እንደሆነ፣ መቼ መድረስ እንዳለበት ነገረው፤ እኔ እርሻው ላይ በለቀምኳት አረብኛ አስተረጎምኩ። ምን ያህል ትፈልጋለህ ብሎም ጠየቀው። አያ አስማማው ዓይኑን ሳይገልጥ ነው የመለሰ፦

"ምንም አልፈልግ በለው። አብራሪው አጠገብ አንዲት ወንበር አየሁ። ባዶ ከሆነች እሷን ይስጠኝ።"

ተረጎምኩለት። ካፒቴን ሐሰን የአያ አስማማውን ሆድ አየ፣ ዓይኑን አየ። ከዚያ ረዳቴ ነው እላለሁ አለ። ወደ እሱም ዞር ብሎ፣ በሕይወቱ የሚያውቃትን አንዲት የአማርኛ ቃል ተናገረ። "በርታ" አለው።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ፊደሉ ልክ ከሆነ አስማማው ጎንደር ይገባል። ፊደሉ ካነሰ እዚያው ሰሊጥ መሐል ይቀበራል። ስለ ፊደል ብዙ የሚያወሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ ሰው ለፊደል ሞተ ለፊደል ኖረ ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ያየሁት ይሄን ነው።

ሥራው ሲጀመር አንድ ነገር ጎደለ። ሜትር። ሜትሩ ሙዲሩ ኪስ ውስጥ ሄዷል። ግማሽ ሜትር ማለት አንድ ክንድ ነው አለ አያ አስማማው፣ እንደዚያም ነው። ግን የማን ክንድ? ክርኑን ከክንፉ አጠገብ አድርጎ ጣቱን ሲዘረጋ ራሱ አላመነበትም፤ አጭር ሰው ነው። እትዬ ጥሩዬ ቆማ ታይ ነበርና ሳቀች። በእኛ አገር ሸማ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ረጅም ዘመዱን አስከትሎ ነው የሚሄድ፣ ሻጩ ደግሞ አጭር ልጁን ያስለካል።

"ይሄ ቀውላላ እዚህ ተገትሮ ምን ይሠራል?" አለች። "ያ ሁሉ ክንድ ለምን ተፈጠረ?"

ስለዚህ በእኔ ክንድ ተለካ። ክርኔን ቆርቆሮው ላይ አስደግፌ ጣቴን ዘረጋሁ፣ አያ አስማማው ከክርኔ ሥርና ከጣቴ ጫፍ ላይ ምልክት አደረገ፤ ለጎኗ ሠላሳ ሳንቲም ደግሞ ከክርኔ እስከ እጄ አንጓ ለካ። ቀለሙ ጥቁር፣ ወፍራም፣ የዘይት ቀለም ነው። ፊደል በፊደል ስንለካ ክርኔ በጥቁር ተነከረ። ልብ በሉልኝ፤ ይህቺ ክርን ኋላ ትመጣለች።

ጎኗን ሲጽፍ ጭራዋ ላይ ያለውን ትንሹን ፊደል እያየ ገለበጠ። የሱዳን አውሮፕላን ሁሉ መጀመሪያው ኤስ-ቲ ነው። ኤስ-ቲ ብሎ፣ የቀሩትን ፊደሎች አስከትሎ አሳምሮ ጻፈው። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ መስመሩ ግን አይንቀጠቀጥም። እንዴት እንደሆነ አልገባኝም፤ ጸሐፊ ሰው እንደዚያ ነው ይላሉ። ካፒቴኑ አይቶ ደስ አለው፣ አሮጌው ትንሽ ፊደል ከእንግዲህ ምን ያደርጋል ብሎ በቢላ ፋቀው። ከዚያ ወደ ጥላው ሄደና ጋደም አለ።

የክንፏ ሥር ቀረ። አሮጊቷ ክንፏ ዝቅ ያለ ነው። አያ አስማማው ሥሯ ሰሌን አንጥፎ በጀርባው ተኛ፣ ክንፉ አፍንጫው ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ትኩሳቱ መምጣት ጀምሮ ነበር። የሚገለብጠው ትንሽ ፊደል ተፍቋል፣ ጎኗ ላይ ያለውን ከተኛበት አያይም። እኔ የቀለሙን ጣሳ ይዤ አጠገቡ ተጋድሜያለሁ። እንደዚያ ተጠግታችሁ ግማሽ ሜትር ፊደል ስታዩ ፊደል አታዩም፤ አንድ ጥቁር ግድግዳ ወዲህ፣ አንድ ጥቁር ግድግዳ ወዲያ ነው። እጁ ግን ሳይጠየቅ ይሄዳል። ኢ ጻፈ። ቲ ጻፈ። ከዚያ የቀሩትን ፊደሎች ሲጽፍ ውሎ አስታውሷቸዋልና ደህና አድርጎ ጨመረ።

ስንጨርስ ከሥሯ ወጥቼ ጎንበስ ብዬ አየሁት። ደህና መሰለኝ። የመተማ መንገድ ላይ ያደገ ልጅ ኢ-ቲ ሲያይ ምን ይጎድለዋል? እንዲያውም ጎኗ ላይ ካለው ይልቅ ያማረኝ ይሄኛው ነበር። የማውቀው ስለሆነ ነው።

ሙዲሩ በማግስቱ በቀጠሮው መጣ። ሜትሩን ከኪሱ መዘዘ። ጎኗን ለካ፤ ልክ። የመስመሩን ውፍረት ለካ፤ ልክ። በፊደልና በፊደል መካከል ያለውን ለካ፤ ልክ። ከዚያ መሐረቡን አፈሩ ላይ አንጥፎ ተንበረከከና ክንፏ ሥር ገባ። የፈራሁት ክንዴ አጥሮ እንዳይሆን ነው። አላጠረም። የመጀመሪያዋን ፊደል ከታች ወደ ላይ ለካት። ኢዋን ነው የለካት። ቁመቷን፣ ጎኗን፣ ሦስቱን ጥርሶቿን አንድ በአንድ። ግማሽ ሜትር፣ አንዲት ጣት አልጎደለ አልበለጠ። ወጥቶ ጉልበቱን አራገፈና "ተማም" አለ፣ ልክ ነው ማለቱ ነው። በሥራ ዘመኔ እንደዚህ በደንቡ የተጻፈ አላየሁም ብሎ የአያ አስማማውን እጅ ጨበጠ። ፈረመ።

ለካ እንጂ አላነበበም።

በዚህ አልፈርድበትም፣ እናንተም አትፍረዱ። ደንቡ ይለካ ነው ያለው። ስንት ትልቅ ነገር አለ በዚህ ዓለም ቁመቱ ተለክቶ፣ ውፍረቱ ተመስክሮ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ምን እንደሚል ማንም ያላየው። ተጠግቶ የሚለካ ሰው አያነብም። ለማንበብ መራቅ ያስፈልጋል። ደንቡን ያወጣው ሰው ያወቀው ይህንን ነው ብዬ ዛሬ አስባለሁ።

አያ አስማማውን አቅፌ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። አልከበደኝም፤ አለመክበዱ ነው ያስደነገጠኝ። እትዬ ጥሩዬ ለመንገድ ድርቆሽ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችው፣ ስትመለስ ጨርቁን መልስልኝ አለችው፣ እመለሳለሁ እንዲል ብላ ነው። ካፒቴን ሐሰን ጎማዋን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ፣ አፍንጫዋን ዳበሰ፣ ቢስሚላህ ብሎ ገባ። አሮጊቷ ሳለች፣ አጓራች፣ አቧራውን አስነሥታ ሮጠች። ተነሣች።

እርሻው ሁሉ ማጭዱን ጥሎ ያያል። ካፒቴኑ ደስ ብሎት ኖሮ ለስንብት ሜዳውን ዞረ። ሲዞር የክንፉን ሆድ ወደ እኛ አጋደለ። ፀሐይ ነበር። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳሕን ነው። ፊደሉ ደንቡ እንደሚለው ከሩቅ ተነበበ።

ኢ-ቲ።

ሙዲሩ ሜትሩን እየጠቀለለ ቀና እንዳለ ቀረ፤ ከንፈሩ ብቻ ነው የሚንቀሳቀስ። አንዴ አነበበ። ዞር ብሎ እኛን አየ። እንደገና አነበበ። ጎኗ ኤስ-ቲ፣ ሆዷ ኢ-ቲ። ከጎን ስታዩዋት ሱዳናዊት፣ ከሥር ስታዩዋት ኢትዮጵያዊት። ያን ጊዜ ድንበሩ ላይ ሁለቱም ወገን ጣቱን ምላጭ ላይ አድርጎ የሚያድርበት ጊዜ ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል የተጻፈባት አውሮፕላን ከሱዳን ሆድ ወጥታ በወታደር ራስ ላይ ስትሄድ ምን እንደሚሆን ለመገመት ሙዲር መሆን አያስፈልግም። እኔ ገምቻለሁ። አስማማው እዚያ ውስጥ ነው ያለው። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"ያ ምንድን ነው?" አለ ሙዲሩ። ድምፁ የሕፃን ድምፅ ነበር።

ሁለቱን ፊደላት መለየት የማትችለዋ እትዬ ጥሩዬ፣ ሰውየው የጠየቃት መስሏት በደህና አረብኛ፣

"ፊደል ነው ጌታዬ። ለክተውት የለ እንዴ?" አለችው።

ሙዲሩ ስልኩን አወጣ። ገላባት ያለውን የጥበቃ ኃላፊ መጥራት አለበት። ጠርቶስ ምን ይበል? ኤስ-ቲ ትመጣለች ብሎ ጠዋት ነግሯቸዋል። አሁን ኢ-ቲ ናት ቢል፣ ማን ፈቀደ ይሉታል፤ ፊርማው ገና አልደረቀም። ዝም ቢል ይተኩሳሉ። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ሲያላበው አየሁት፣ ልብሱ ጀርባው ላይ ተጣበቀ። ማዶ ያለው ሰው ሲያነሣ ሙዲሩ እንዲህ አለው፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት፦

"አውሮፕላኗ የኛ ናት። ቁመቷ ልክ ነው። እኔ ራሴ ለክቻለሁ። በአላህ ይዤሃለሁ፣ እንዳታነቡት።"

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ማንም ወደ ሰሊጡ አልተመለሰም፣ የእርሻው ወኪልም ተመለሱ አላለም። ሙዲሩ ከእኛ ጋር ዳሱ ሥር፣ መሬት ላይ፣ በዚያ በተተኮሰ ሱሪው ተቀመጠ። እትዬ ጥሩዬ ውሃ ሰጠችው። ጠጣ፣ ጣሳውን መለሰላት። ከዚያች ሰዓት በፊትም በኋላም ኃላፊና ሠራተኛ እንደዚያ በአንድ ነገር ሲጨነቁ አላየሁም።

ስልኩ ጮኸ። ገላባት ነው። ወታደሮቹ አይተዋል፣ አንብበዋልም፣ ሰው ማንበብ ከጀመረ አይቆምም። አንዱ አነጣጥሮ ነበር። አለቃው፣ አታንብቡ ተብለናል ብሎ አፈሙዙን በእጁ ዝቅ አደረገው። አለፈች። መተማ ላይ ደግሞ ሕዝቡ ቀና ብሎ ኢ-ቲ ሲያነብ የኛ ናት ብሎ አጨበጨበ፣ ያፏጨም አለ፣ ማዶ ድረስ ተሰማ አለው። ቀጥሎ ካፒቴን ሐሰን ራሱ ከጎንደር ደወለ። ደህና አርፌያለሁ፣ ረዳቴን ሆስፒታል አስገብተውልኛል አለ። ሰዎቹ እንደ ዘመድ ነው የተቀበሉኝ፣ እንደዚህ ደጎች መሆናቸውን አላውቅም ነበር አለ። ለምን እንደሆነ አልገባውም። አብራሪ የክንፉን ሆድ አያይም።

ሙዲሩ ስልኩን ዘጋ። ተነሥቶ ልብሱን አራገፈ። ሲቀመጥ ሰው ነበር፣ ሲነሣ ኃላፊ ሆነ።

በማግስቱ ፖሊስ መጣ። ማን ጻፈው? ካምቦው በሙሉ አላየሁም አለ። ካምቦ ውስጥ አንዱ ያየውን ሁሉም አላየውም። የፖሊሶቹ አለቃ ግን ሞኝ አልነበረም፤ እጃችሁን ዘርጉ አለ። የሁሉም እጅ የሰሊጥ ሙጫ ነው፣ የኔም እጅ ከቀለሙ ንጹሕ ነው። እጅጌህን ሰብስብ አለኝ። ያንን ቀለም በአሸዋ አሽቼዋለሁ፣ በአመድ አሽቼዋለሁ፣ ከቤንዚን በቀር የሚያስለቅቀው የለም፣ ቤንዚን ደግሞ ለእኔ ማን ይሰጠኛል። እጅ ከፍንጅ ተያዘ ሲባል ትሰማላችሁ። እኔ ክርን ከፍንጅ ተያዝኩ።

እኔ አይደለሁም አላልኩም። ነኝም አላልኩ። አስማማው ነው ብል ረዳቴ ነው የተባለው ውሸት ይወጣል፣ ካፒቴኑ ይነካል፣ ከዚያ ወዲያ የትኛውም አብራሪ የታመመ ሐበሻ አጠገቡ አያስቀምጥም። ሥራው ምንድን ነው ብሎ ጓደኛው ሲጠይቀው አለቃው፣ "ኸጣጥ" አለው። ሰሌዳ ጸሐፊ ማለት ነው። አራተኛ ክፍልን ያልጨረስኩ ልጅ በአንድ ክርን ኸጣጥ ሆንኩ።

ስለ እስሩ ብዙ አልናገርም። ግቢ ጠረግሁ። የተመታሁትን ተመታሁ። እዚያ ያለ ሰው ስለ እዚያ አያወራም፣ ከወጣም በኋላ አያወራም።

ያስወጣኝ ሙዲሩ ነው። አንድ ጠዋት መጣና ኸጣጡን ስጡኝ አለ። ወደ ቢሮው ወሰደኝ። በሩ ላይ የነበረው ጽሑፍ ደብዝዟል፣ አድስልኝ አለ። አረብኛ መጻፍ አልችልም። አልችልም ብል ደግሞ ታዲያ ያንን ማን ጻፈው ይመጣል። ስለዚህ አያ አስማማው ጎኗን ሲጽፍ እንዳየሁት፣ አሮጌውን እያየሁ ጭረት በጭረት ገለበጥኩት። ስጨርስ ሙዲሩ ሜትሩን አወጣ። ከዚያ መልሶ ኪሱ ከተተው። ከበሩ ራቅ ብሎ ሄደ፣ መንገዱ ድረስ ሄደ፣ ዞሮ ቆመና አነበበው። ጮክ ብሎ። ደግሞም አነበበው። ሂድ አለኝ።

ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ይህ ወሬ ነበር። ለአውሮፕላን የጻፈ፣ ኃላፊን ያስደነገጠ፣ ቢሮ በር ላይ የጻፈ ሐበሻ ኸጣጥ አለ ተባለ። አንድ ፉል ሻጭ ጠራኝ፣ ከዚያ ባለ ወፍጮ፣ ከዚያ የጎማ ጠጋኝ። ያልሠራሁት ሥራ ስም ሰጠኝ፣ ስሙ ሥራ ሰጠኝ። አሁን ከካርቱም በጦርነቱ የተፈናቀሉ ሰዎች መጥተው ሱቅ ሲከፍቱ ደጃፌ ላይ ይሰለፋሉ። ከተማው ላይ የምታዩት ሰሌዳ ብዙው የኔ ነው። ከጻፍኩ በኋላ መንገዱን ተሻግሬ አነበዋለሁ። የአረብኛ ጽሑፍም በዚያው ለመድኩ።

አያ አስማማው ዳነ። መርፌውን ጨርሶ፣ ሥጋው ተመልሶ፣ ስልክ በያዘ ጊዜ ደወለልኝ። ያንን ነገር ጠየቅሁት። ትኩሳቱ ነው ወይስ እጅህ ለምዶ ነው አልኩት። ሳቀ። የአውቶቡስ ግንባር ላይ የሚጻፈው ምንድን ነው፣ የመጣበት ነው ወይስ የሚሄድበት አለኝ። የሚሄድበት አልኩት።

"ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ፣ ቀውላላው" አለኝ።

ዕውነቱን ይሁን ቀልዱን አላውቅም። ሁለተኛም አልጠየቅሁትም። መንገዱ በተከፈተ ጊዜ እትዬ ጥሩዬ አገሯ ገባች፤ ጨርቋን ጎንደር ድረስ ሄዳ ተቀበለችው። ካፒቴን ሐሰን በረራ ትቶ ከልጆቹ ዘንድ ሰፈረ። አሮጊቷ ሆዷን አስፍቃ ተመልሳ ኖሮ ከሜዳው ዳር ቆማ ዝጋለች። ሙዲሩ ጡረታ ወጣ። አንተስ ለምን አልሄድክም የሚለኝ አለ፤ የሚለኝን ሰው ሰሌዳህ ምን ተብሎ ይጻፍልህ እለዋለሁ።

ገዳሪፍ የቀረሁት እኔ ነኝ።